ከጎጃም እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የበረራ ርቀትንና ጊዜን በራስ የማስላት ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ልጇን ለመጠየቅ ከዳንግላ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ትኬቷ የተቆረጠ ዕለት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ስንት ሰዓት ነው መንገዱ?»

ስልኬን አወጣሁና ጎግል ላይ ፈለግኩ። «13 ሰዓት ገደማ ነው እማ» አልኳት። እፎይ አለች። 13 ሰዓት ይቻላል። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ስትመላለስ ኖራለች።

ማታ ትኬቱን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳሰላው 32 ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ስልኩ አልዋሸም። የነገረኝ አውሮፕላን ከአንዱ ከተማ ተነስቶ ሳያርፍ ሌላው ጋ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። እናቴ የጠየቀችው ደግሞ ከደጃፏ እስከ ልጇ ደጃፍ ያለውን ነው። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። እናት አባት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም የምትሸኙ ከሆነ ይህን ልዩነት ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ካልኩሌተር ያለው ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

መጀመሪያ፦ የመኪናው ርቀት ሌላ፣ የአየሩ ሌላ

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአየር ግን 330 ገደማ ነው። ቀሪው 230 የት ሄደ?

መንገዱን የሄደበት ሰው ያውቀዋል። ከባሕር ዳር መርዓዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ እያለ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ከዚያ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ወደ ምሥራቅ ዞሮ ደብረ ማርቆስ ይገባል። የጮቄን ተራራ እየዞረ ነው የሚሄደው። ደጀን ስትደርሱ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ። ማዶ ያለው የጎሐ ጽዮን ገደል በዓይን ይታያል። ለመድረስ ግን ቁልቁል ተጠማዝዞ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ መጠማዘዝ ነው። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አውሮፕላን ይህን ሁሉ አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ሰው «ርቀቱ ይህን ያህል ነው» ሲላችሁ በመኪና ነው በአየር ብላችሁ ጠይቁ። መለኪያውንም እዩ። የውጭ ገጾች ብዙ ጊዜ በማይል ነው የሚያወጡት። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። 7,190 ማይል የሚል ካያችሁ በ1.609 አባዙት፤ 11,570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣችኋል።

ሁለተኛ፦ አጭሩን ርቀት በእጅ ማስላት

በአገር ውስጥ ላለ በረራ ቀላል ዘዴ አለ። ስልካችሁ ካርታ ላይ አውሮፕላን ማረፊያውን ጣታችሁን አስደግፋችሁ ስትይዙት ሁለት ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው፣ ከሰሜን ደቡብ ያለውን ይነግራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፣ ከምሥራቅ ምዕራብ ያለውን።

የባሕር ዳር 11.61 እና 37.32 ነው። የቦሌ 8.98 እና 38.80። አሁን አቀናንሷቸው። የኬክሮሱ ልዩነት 2.63 ነው፤ በ111 ስናባዛው 292 ኪሎ ሜትር። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.48 ነው፤ በእኛ አካባቢ አንዱ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 161 ይመጣል። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ። 333 ኪሎ ሜትር።

የስምንተኛ ክፍል የፓይታጎረስ ትምህርት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የሰፈር ልጅ ካለ ስጡት፣ ደስ ብሎት ይሠራዋል።

ሦስተኛ፦ ሩቁን ርቀት ማስላት

ዋሽንግተንን ግን በዚህ ዘዴ ማስላት አይቻልም። መሬት ክብ ናት። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ በቻድና በሰሃራ በኩል ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። እውነተኛው አጭር መንገድ ግን ያ አይደለም። ትምህርት ቤት ክብ ሉል ካለ ክር ውሰዱ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጋችሁ ወጥሩት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። በሱዳንና በሊቢያ አልፎ፣ የሜዲትራንያንን ጫፍ ነክቶ፣ በስፔንና በፖርቹጋል በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። እናቴ ይህን በሉል ሳሳያት «ዞሮ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለችኝ። የዞረ የሚመስለው ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ቀጥታው እሱ ነው።

በቁጥር ማውጣት ለሚፈልግ እነሆ። ስልኩን አግድም ስታዞሩት ካልኩሌተሩ ሳይንና ኮሳይን ያወጣል። መጀመሪያ መለኪያው በዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ። በራዲያን ከሆነ መልሱ ይበላሻል።

የቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ። አንዱ ምሥራቅ አንዱ ምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ፤ 116.26። ሁለቱም ምሥራቅ ቢሆኑ ይቀናነሱ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ፦ 0.1561 ሲባዛ በ0.6285፣ 0.0981 ይሆናል። ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የ116.26ን ኮሳይን አባዙ፦ 0.9877 ሲባዛ በ0.7778 ሲባዛ በኔጌቲቭ 0.4425፣ ኔጌቲቭ 0.3399 ይሆናል። ሁለቱን ደምሩ፤ ኔጌቲቭ 0.2418። የዚህን የኮሳይን ግልባጭ (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ) ስታወጡ 104 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይመጣል። በ111.2 ስታባዙት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከላይ በማይል ካየነው ጋር ይገጥማል።

አውሮፕላኑ በትክክል ይህን መስመር ይከተላል ማለት ግን አይደለም። ጦርነት ያለበትን ሰማይ አየር መንገዶች ይሸሻሉ። በሱዳን ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የሱዳንን ሰማይ እየዞሩ የሚሄዱ በረራዎች ብዙ ናቸው።

አራተኛ፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት መለወጥ

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። ስለዚህ ርቀቱን ለ900 አካፍሉ፣ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 11,560 ለ900 ሲካፈል 12.8 ሰዓት ነው። ግማሽ ሲጨመር 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። ጎግል የነገረኝ 13 ሰዓት የመጣው ከዚህ ነው።

ለአጭር በረራ ግን ይህ አይሠራም። 333 ለ900 ብትሉ 22 ደቂቃ ይወጣል። ትኬቱ ላይ ግን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከፍታው ላይ ገና ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። በአገር ውስጥ ከሚበሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ፕሮፔለር ያላቸው ናቸው፣ ፍጥነታቸው ወደ 600 ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓትም አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቀነቀ ጀምሮ እስኪቆም ያለውን ይቆጥራል። መንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቅ አብሮ ይገባል።

ሌላው ነገር ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በኩል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ያግዛል። ለዚህ ነው መሄጃው ከመመለሻው የሚረዝመው።

ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ የተለየ ምክንያት አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚያነሳው ክብደት ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ጭኖ ታንከሩን ሙሉ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች ብዙ ጊዜ በመንገድ አንድ ቦታ አርፈው ነዳጅ የሚሞሉት ለዚህ ነው። ደለስ ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። እዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። መሄጃው 16 ወይም 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ቢሆን አትደንግጡ። መሄጃው ላይ በመሃል ሲያርፍ መውረድ እንደሌለባት ለእናቴ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። «ደረስን» ብለው ዕቃቸውን ይዘው የሚነሱ አሉ።

አምስተኛ፦ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤተሰባችን ሰው ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ ነበር። ትኬቱ በ15ኛው ቀን 00:40 ይላል። እኛ በ15ኛው ቀን ቀኑን ሙሉ ስንሸኘው ዋልን። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ሻንጣ እየጎተትን ቦሌ ደረስን። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አየችው። እንደገና አየችው። ከዚያ ቀስ አድርጋ ወደ እኛ አዞረችውና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቀኑን ነካችው። «ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለች። የትኬቱ ብር ከሦስት ሰው የተበደርነው ነበር። ያን ሌሊት ማንም ምንም አልተናገረም።

ጥፋቱ እንዲህ ነው የሚመጣው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። 00:40 ማለት በእኛ ሌሊት 6፡40 ነው። በ15ኛው ቀን 00:40 ላይ የሚነሳ በረራ ካላችሁ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ያለባችሁ በ14ኛው ቀን ምሽት 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ትኬቱ ላይ ሰዓቱ በ00፣ በ01፣ በ02፣ በ03 ከጀመረ ቀዩን እስክሪብቶ አንሱና ከጎኑ «ዋዜማው ምሽት» ብላችሁ ጻፉ።

የቀሩትን ሰዓቶች እንዲህ ለውጡ። ትኬቱ ላይ ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ጨምሩ፤ 05:30 ሌሊት 11፡30 ይሆናል። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ፤ 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከ19:00 በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 22:15 ከምሽቱ 4፡15 ነው።

ቀኑም እንደዚያው የፈረንጅ ነው። ኦክቶበርን ብዙዎቻችን ጥቅምት ብለን እንተረጉመዋለን። ግን ኦክቶበር 15 ጥቅምት 15 አይደለም፣ ጥቅምት 5 ነው። 10 ቀን ዘግይቶ ቦሌ መገኘት ማለት ነው። ጥቅምት 1 የሚውለው ኦክቶበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ማለትም እስከ የካቲት 21፣ ድረስ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ስልክ ላይ ያለ ቀን መለወጫ ያድናችኋል። ከዚያ የሳምንቱን ቀን አመሳክሩ። ትኬቱ ረቡዕ ካለና የእናንተ ስሌት ቅዳሜ ካወጣ አንዱ ተሳስቷል።

ስድስተኛ፦ ትክክለኛውን የበረራ ጊዜ ከትኬቱ ማውጣት

ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ዝም ብላችሁ ብትቀንሱ የተሳሳተ መልስ ታገኛላችሁ።

የእናቴን እንውሰድ። ከቦሌ 22:15 ይነሳል፣ ዋሽንግተን በማግስቱ 07:45 ይደርሳል ይላል። ሲታይ 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል። ግን ያ 07:45 የእነሱ ነው። በእነሱ በጋ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት። እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ ማለትም በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ መካከል፣ አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጋሉ። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ገደማ፣ ይመልሱታል።

እናቴ የምትሄደው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ 7 ሰዓት። 07:45 ላይ 7 ሲጨመር 14:45፣ በእኛ ከቀኑ 8፡45። ከምሽቱ 4፡15 እስከ ማግስቱ 8፡45 ስንቆጥር 16 ሰዓት ከ30 ይመጣል። ይህ ነው አየር ላይና በማረፊያው የምታሳልፈው እውነተኛ ጊዜ።

መመለሻዋም እንዲሁ። ከዚያ 11:00 ተነስቶ እዚህ በማግስቱ 07:00 ይገባል ይላል። 11:00 ላይ 7 ሲጨመር በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት። እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 13 ሰዓት ነው።

ሰባተኛ፦ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ

አሁን ሁሉንም እንደምር። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደህና ቀን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ይገባል። ግን ለደህና ቀን ብቻ አታቅዱ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ዋዜማውን ደውላችሁ ጠይቁ። ሰው ጥርጣሬ ካለው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አድሮ መሄድ ይሻላል። ለአገር ውስጥ በረራ 2 ሰዓት፣ ለውጭ አገር 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ነው።

የእናቴ እንዲህ ወጣ። ከቤት ጠዋት 3፡30። አውሮፕላን ማረፊያ 6 ሰዓት ሳይሞላ። ከባሕር ዳር በረራ 8 ሰዓት፣ ቦሌ 9 ሰዓት። ከዚያ 7 ሰዓት ከሩብ ጥበቃ። ምሽት 4፡15 በረራ። በማግስቱ በእኛ 8፡45 ማረፍ። ኢሚግሬሽንና ሻንጣ 2 ሰዓት፣ መኪና 1 ሰዓት። በር ላይ ስትደርስ በእኛ ከቀኑ 11፡45። ሲደመር 32 ሰዓት ከሩብ።

የቦሌው ጥበቃ ረዘመ ብለው ብዙዎች ይነግሩኛል። እኔ አላሳጥረውም። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ደመና ከተኛ በረራ ይዘገያል። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከተቆረጡ ቢያመልጥ እንኳ ሌላ የሚያሳፍራችሁ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተቆረጡ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም። ትንሽ ቢወደድም አንድ ላይ አስቆርጡ።

ሻንጣውን ስታስረክቡ «እስከ የት ነው የተላከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻንጣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የመጨረሻውን መድረሻ የሚያሳዩትን ሦስት ፊደሎች እዩ። ከዋሽንግተን አልፎ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥል ሰው ሻንጣውን መጀመሪያ ባረፈበት የአሜሪካ ከተማ ራሱ ወስዶ እንደገና ማስረከብ አለበት። ይህን ሳያውቁ በርበሬና ሽሮው ዋሽንግተን የቀረባቸው ብዙ ናቸው።

ሰዓቱ ለምን ይጠቅማል?

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው 32 ሰዓት መንገድ ላይ ነው ማለት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ መንገድ ላይ ይውጣል። ሐኪሟን ጠየቅን፣ ሰዓቱን ጻፍን። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ነው የሚሆነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የጾም ምግብ የሚፈልግ ቀደም ብሎ ያስመዝግብ። 16 ሰዓት ተቀምጦ መዋል እግር ያሳብጣል፣ ደምም ያረጋል። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ትንሽ መራመድ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት።

«እዚያ ላይ አየሩ አያፍንም?» ብላ ፈርታ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከውጭ ተወስዶ በማሽን እየተጨመቀ የሚገባ ነው፣ እንደ ውጩ ስስ አይደለም። ቦይንግ 787 ከሆነ ውስጡ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመቆም ነው። ባሕር ዳር ያን ያህል ነው ከፍታው። ከጣና ዳር እንደተቀመጥሽ ነው አልኳት። ዳንግላ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች።

የመጨረሻው ሥራ ወረቀት ነው። በአንድ ገጽ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሁሉንም በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ጻፍኩላት። የት ትወርጃለሽ፣ የት አትወርጂም፣ መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ላይ። ከታች የልጇን ስልክና አድራሻ በእንግሊዝኛ ጨመርኩ፣ ኢሚግሬሽን ላይ ስለሚጠይቁ። ሦስት ቅጂ አደረግነው። አንዱ ፓስፖርቷ ውስጥ ነው፣ አንዱ እኔ ጋ ነው። ሦስተኛውን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።